እናቴ ትከሻዋ ተቀይሮ ሕመሙ ከለቀቃት በኋላ ትከሻዋ "ቋ" አለ፤ ምን እናድርግ?

ብሌን_ሲልቨርስፕሪንግ
ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ? ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ታገሱኝ።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። የቀኝ ትከሻዋ መገጣጠሚያ ተበልቶ ለዓመታት ስትሰቃይ ኖራለች። ሌሊት እንቅልፍ አልነበራትም። ፀጉሯን ማበጠር አትችልም ነበር። ከሰባት ሳምንት በፊት እዚሁ ሜሪላንድ ትከሻዋ በሰው ሠራሽ ብረት ተቀየረ። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ፣ በማግስቱ ቤት ገባች። ክንዷን በማንጠልጠያ አስራ ከወር በላይ ቆየች፤ ፊዚዮቴራፒም ጀመረች። አምስተኛው ሳምንት ላይ ያ ሌሊት ሌሊት ይነዘንዛት የነበረ ሕመም ድራሹ ጠፋ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳንኩ" አለች። እኛም አመንን። ማንጠልጠያውን አውልቃ በሩ ላይ ሰቀለችው።

ባለፈው ቅዳሜ ቡና አፍልታ ጨርሳ ከበርጩማው ልትነሳ ስትል በቀኝ እጇ ተመርኩዛ ገፋች። ፊት ለፊቷ ነበርኩ። "ቋ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሲኒ የተሰበረ መስሎኝ ወደ ረከቦቱ ነው ያየሁት። ቀና ስል የእማዬ ፊት ጠቁሯል፣ ከንፈሯን ነክሳለች።

ከዚያ ወዲህ ትከሻዋን ከፊት በኩል ያማታል። ነጠላዋን ወደ ግራ ትከሻዋ ጣል ማድረግ አቃታት። መቀነቷን ሆዷ ላይ አጥብቃ ለመያዝ እንኳ እጇ አቅም የለውም። ክንዷ ግን ወደ ውጭ ከበፊቱ አብልጦ ይዞራል። "ላላብኝ" ነው የምትለው።

ቀጠሮዋ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ዘመዶች "ብረቱ ነው፣ ይለመዳል" ይላሉ። አክስቴ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ጥሩ ወጌሻ አለ ትላለች። ይህን ያየ ወይም የደረሰበት ካለ እባካችሁ።


ፊዚዮ_መገናኛ
ማክሰኞ ጠዋት

ብሌን እህቴ፣ እማማን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ዋናውን አስቀድሜ ልበል፦ ሁለት ሳምንት አትጠብቂ። ዛሬውኑ ቀዶ ወደሠራላት ሐኪም ቢሮ ደውዪ። "ድምፅ ሰምተናል፤ ከዚያ ወዲህ እጇ ኃይል አጥቷል፤ ክንዷ ወደ ውጭ ከልክ በላይ ይዞራል" በያቸው። እነዚህን ሦስቱን ሲሰሙ ቀጠሮውን ያቀርቡታል ብዬ አስባለሁ። እስከዚያው ማንጠልጠያው ተመልሶ ይታሰር፤ በዚያ እጅ መግፋትም መሳብም አይኖርም።

አሁን ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ካወቅሽው እናትሽን ለማሳመን ይቀልሻል።

ትከሻ ሲቀየር የሚቀየረው አጥንቱ ነው። የክንድ አጥንት ራስ በብረት ኳስ ይተካል። ኳሱ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ቦታ ደግሞ ፕላስቲክ ይለብሳል። ክንዱን የሚያንቀሳቅሱት ጅማቶች ግን የራሷ ናቸው። በአማርኛ ጅማት ስንል ብዙ ነገር እንቀላቅላለን፤ እኔ እዚህ የማወራው ጡንቻን ከአጥንት ጋር ስለሚያያይዘው ነው። ኳሱን ከየአቅጣጫው ጨብጠው የሚይዙ አራት ጡንቻዎች አሉ፤ አንድ ላይ ሮታተር ከፍ ይባላሉ። ከፊት ያለው ሰብስካፑላሪስ ይባላል። ሐኪሙ በተለመደው የፊት መንገድ ሲገባ መገጣጠሚያው ጋ የሚደርሰው ይህንን ጅማት አልፎ ነው። ወይ ይቆርጠዋል፣ ወይ ከአጥንቱ ላይ ይገሸልጠዋል፣ ወይ ከቁራጭ አጥንት ጋር ያነሳዋል። ብረቱን ገጥሞ ሲጨርስ መልሶ ይሰፋዋል።

ስለዚህ እናትሽ ከቀዶ ክፍል ስትወጣ ብረቱ ያኔውኑ ጠንካራ ነበር። ጅማቱ ግን በክር ነበር የተያዘው። የክሩ ሥራ ጅማቱ ራሱ እስኪያያዝ ድረስ ጊዜ መግዛት ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ለዚህ ወሳኝ ናቸው። ጡንቻ የማጠንከር ስፖርት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ12ኛው ሳምንት በፊት አይጀመርም። ከዚያ በኋላም ጅማቱ ለወራት እየጠነከረ ይሄዳል።

የድሮው ሕመም ግን ከተበላው አጥንት ነበር የሚመጣው፤ እሱ በቀዶው ዕለት ተወግዷል። ለዚህ ነው ሕመሙ ቀድሞ የሚለቀው። ከውጭ ተሠርተው መጥተው እዚህ አዲስ አበባ እኔ ጋ ለፊዚዮቴራፒ ከሚታዩት ውስጥ የሚያሳዝኑኝ በአምስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት፣ "ደህና ነኝ" ባሉበት ሰሞን የተጎዱት ናቸው። ማንም አልነገራቸውም፣ ወይም ተነግሯቸው ሕመሙ ሲጠፋ ረሱት።

ሰብስካፑላሪስ ክንድን ወደ ውስጥ ያዞራል፣ እጅን ሆድ ላይ ይጫናል። ሲበጠስ ወይም ሲላላ ሸሚዝ ሱሪ ውስጥ ማስገባት፣ መቀነት ማጥበቅ፣ ነጠላ ማዞር ያቅታል። ክንዱም የሚገታው ስለሚያጣ ወደ ውጭ ይዞራል። የጻፍሽው ሁሉ ወደዚያ ይጠቁማል። ሳይታይ ግን እርግጠኛ መሆን አይቻልም። በእጅ ይመረመራል፣ ራጅ ይነሳል። አልትራሳውንድ ደግሞ ብረት ላለበት ትከሻ ጅማት ለማየት ጥሩ ነው። ተራ ኤምአርአይ ላይ ብረቱ ምስሉን ያበላሸዋል።

አንድ ነገር ንገሪኝ፦ የተሠራላት መደበኛው ነው ወይስ ሪቨርስ የሚሉት? ነገሩ በጣም ይለያያል።


ጋሽ_ሚኒያፖሊስ
ማክሰኞ ከሰዓት

ልጄ ብሌን፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። እኔ 73 ዓመቴ ነው፤ ጡረታ የወጣሁ የታክሲ ሾፌር ነኝ። የኔው ሪቨርስ ስለሆነ ስለሱ የማውቀውን ልጻፍ፤ ለሌላም ሰው ይጠቅም ይሆናል።

የኔ ሮታተር ከፍ ከድሮም ተበጣጥሶ ያለቀ ነበር። ሐኪሜ ወረቀት ላይ ሥሎ አሳየኝ። ኳሱ ጎድጓዳው በነበረበት ይሆናል፤ ጎድጓዳው ደግሞ ወደ ክንድ አጥንቱ ይመጣል። ተገለበጠ ማለት ነው። እንደዚያ ሲሆን ክንዱን የሚያነሳው ትከሻ ላይ እንደ ቆብ የተደፋው ትልቁ ጡንቻ፣ ዴልቶይድ ነው። ይህንን ነገር ለሥራ ያበቃው ግራሞ የሚባል የፈረንሳይ ሐኪም ነው፤ ዲዦን ከተማ፣ በ1985 እ.ኤ.አ.። እዚህ አሜሪካ የተፈቀደው በ2003 ነው። ከዚያ በፊት እንደኔ ጅማቱ ያለቀበት ሰው መፍትሔው ጠባብ ነበር።

እኔ ሦስት ወር ሙሉ እንደ ልቤ ሆንኩ። አራተኛው ወር ላይ ልጄ ቤት ሲቀይር ሻንጣ ላግዝ ብዬ ወደ መኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አነሳሁ። በማግስቱ ትከሻዬ ጫፍ ላይ፣ ከላይ በኩል ያለችው አጥንት አመመችኝ። ጣቴን አንዲት ነጥብ ላይ ሳሳርፍ ያስጮኸኛል። ከነጥቧ ፈቀቅ ሲል ምንም የለም። ራጅ ተነሳሁ፣ "ምንም የለም፣ ጡንቻህ ተወጣጥሮ ነው" ተባልኩ። ሦስት ሳምንት በማስታገሻ ገፋሁት። በኋላ ሲቲ ስካን ሲሠራ አክሮሚዮን የምትባለው አጥንት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ተገኘ። ዴልቶይዱ የሚጀምረው ከዚያች አጥንት ነው። አሁን ሥራው ሁሉ እሱ ላይ ስለወደቀ አጥንቷን ይስባታል። ስድስት ሳምንት ተመልሼ በማንጠልጠያ ሆንኩ፤ ገጠመ።

ስለዚህ ሪቨርስ ያላችሁ፣ ትከሻችሁ አናት ላይ በጣት የምትጠቆም ሕመም ካለች ራጅ ንጹሕ ነው ስለተባለ ብቻ አትተዉት። ሌላው፣ ከወንበር ስትነሱ እጅን ወደ ኋላ ልኮ መግፋት ለኛ ኳሱን ሊያወልቅ የሚችል አቀማመጥ ነው።


ብሌን_ሲልቨርስፕሪንግ
ማክሰኞ ማታ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቷን አየሁት፤ መደበኛው ነው። ደወልኩ። እንዳላችሁኝ ሦስቱን ነገር ነገርኳቸው፤ ነርሷ አስጠብቃኝ ተመለሰችና "ሐሙስ ጠዋት ይምጡ" አለች። ማንጠልጠያውን አስሬላታለሁ። ጋሼ፣ ያሳለፉት ነገር ከባድ ነው፤ ስለነገሩን አመሰግናለሁ።


የወሎ_ልጅ_ዳላስ
ማክሰኞ ማታ

ወጌሻን ግን ባትንቁ ደስ ይለኛል። አባቴ ከበቅሎ ወድቆ ትከሻው ወልቆ ነበር። የመንደራችን ወጌሻ በቅቤ አሽቶ፣ በአንድ እጁ ይዞ መለሰለት። እስከ ዕለተ ሞቱ አላመመውም። ሐኪም ቤት ያልተቻለውን ሲያድኑ በዓይኔ አይቻለሁ።


ፊዚዮ_መገናኛ
ረቡዕ ጠዋት

ወንድሜ፣ ወጌሻን አልንቅም። አያቴ ወጌሻ ነበሩ፤ ይህን ሙያ የመረጥኩትም እሳቸውን እያየሁ ነው። እጃቸው የሚያውቀው ግን እግዚአብሔር የፈጠረውን አጥንት ነው። የእማማ ትከሻ ውስጥ ብረትና ፕላስቲክ አለ፤ ከፊቱ ደግሞ በክር የተያዘ ጅማት። ወልቆ የሄደ ትከሻ ሲመለስ ክንድ ይሳባል፣ ወደ ውጭ ይዞራል። እንግዲህ ክንድን ወደ ውጭ ማዞር ማለት ያንን ስፌት መጎተት ማለት ነው። ጥሩ ወጌሻም ቢሆን "ውስጡ ብረት አለ" ሲባል እጁን መሰብሰብ አለበት። አያቴ ቢኖሩ ያደርጉት ነበር።

ማሸት ሲባል አንገትና የጀርባ ጡንቻ ቀስ ብሎ ማሸት ሌላ ነገር ነው። ትከሻው ላይ ግን በጭራሽ።


ፋርማሲስቷ_ቨርጂኒያ
ረቡዕ ከሰዓት

ሰላም። ማንም ያላነሳው አንድ ነገር ልጠይቅ። ብሌን፣ እናትሽ በቅርቡ ሲፕሮ ወስዳለች?

ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሌቮፍሎክሳሲን፣ ኖርፍሎክሳሲን፣ እነዚህ ሁሉ የአንድ ቤተሰብ አንቲባዮቲኮች ናቸው። ጅማትን ሊያቆስሉና ሊያስበጥሱ ይችላሉ። በ2008 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በጥቁር ሳጥን የሚጻፈው ከባዱ ማስጠንቀቂያ እንዲሰፍርባቸው አድርጓል። በብዛት የሚጎዳው የተረከዝ ጅማት ነው፤ የትከሻም ግን ይጎዳል። ዕድሜው ከ60 በላይ የሆነ፣ እንዲሁም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው አደጋው ይጨምርበታል። ጉዳቱ መድኃኒቱ ካለቀ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

ይህን የምጠይቀው አዲስ አበባ ፋርማሲ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ስለሠራሁ ነው። ለሆድ ሲፕሮ፣ ለሽንት ሲፕሮ። ያለ ማዘዣ "አንድ ቅጠል ስጪኝ" የሚለኝ በቀን ስንት ነበር! ሰው ከአገር ቤት ሲመጣም በሻንጣው ይዞ ይመጣል። ሐኪም ያዘዘው ከሆነ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ግን ትከሻዋ እንደተቀየረ ንገሩትና ሌላ ምርጫ ካለ ጠይቁት።


ብሌን_ሲልቨርስፕሪንግ
ረቡዕ ማታ

አሁን ቦርሳዋን ከፈትኩ። ሲፕሮ 500። ከአሥሩ ስድስቱ የለም። አጎቴ ነው ያመጣላት። ከሦስት ሳምንት በፊት ሽንቷን ሲያቃጥላት ዝም ብላ ውጣዋለች። ለኔ አልነገረችኝም። ነገ ይዤው እሄዳለሁ።


ፋርማሲስቷ_ቨርጂኒያ
ረቡዕ ማታ

ይዘሽው ሂጂ። እሱ ነው ያደረገው ማለት አይቻልም፤ ከበርጩማው መግፋቱ ብቻውን ይበቃል። ሐኪሟ ግን ማወቅ አለበት። እናትሽን አትቆጫት።


ትዕግሥት_አስታማሚ
ረቡዕ ሌሊት

ብሌንዬ፣ እኔ አሌክሳንድሪያ በየቤቱ እየሄድኩ አረጋውያን አስታምማለሁ። ትከሻቸው የተቀየረ ብዙ እናቶች በእጄ አልፈዋል። ሐኪም የማይነግርሽን የቤት የቤቱን ልንገርሽ።

በርጩማውን ከቤት አውጪው፤ ስጪው ለሰው። ዝቅ ያለ ሶፋም ላይ አታስቀምጫት። ከፍ ያለ፣ ግራ መደገፊያው ጠንካራ የሆነ ወንበር ያስፈልጋታል። ስትነሳ ቀኝ እጇ ሆዷ ላይ ይሁን። "ቀኝ እጅሽ የት ነው?" ብለሽ ሁልጊዜ ጠይቂያት፤ እስኪለመድ።

ስትተኛ በጀርባዋ ከሆነ ከክርኗ ሥር ትራስ አድርጊ። ክርኗ ወደ ኋላ ወደ ፍራሹ ከወደቀ የፊቱ ጅማት ይሳባል። አንድ ፊዚዮ ያስተማረኝ ዘዴ አለ፦ ተኝታ ቁልቁል ስታይ ክርኗ ይታያት። ካልታያት ትራሱ አንሷል።

ልብስ ስታለብሻት የታመመው እጅ ቀድሞ ይገባል፤ ስታወልቂ መጨረሻ ይወጣል። ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ ቀሚስ ይሻላል። ነጠላውን ለጊዜው አንቺ አልብሻት።

ደግሞ ስግደት። ይህን የምለው ባለፈው ዓመት የማስታምማቸው እናት በሰሙነ ሕማማት ተደብቀው ሰግደው ስላገኘኋቸው ነው። ከወለል ሲነሱ በሁለት እጃቸው ነው የሚገፉት። አለቀስኩ። የነፍስ አባታቸው ጋ ደወልንና "ቆመሽ፣ አንገትሽን ዝቅ አድርገሽ ይበቃሻል" አሏቸው። ከዚያ በኋላ ነው እሺ ያሉት። ለኔ ቃል እሺ አላሉም ነበር። ሙስሊም ለሆኑትም እንደዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ አለ።

ምጣድም ገና ነው። ሊጡን ማዞሩ ቀላል ይመስላል እንጂ ክንድ ተዘርግቶ ነው፤ አክንባሎውን ማንሳት ደግሞ ሌላ ሸክም።


ብሌን_ሲልቨርስፕሪንግ
ሐሙስ ማታ

ተመልሰናል። በዝርዝር ልጻፍ።

ሐኪሙ እጇን ሆዷ ላይ አስደርጎ "ተጫኚ" አላት። ግራዋ ክርኗ ወደ ፊት ወጥቶ ቀጥ ብሎ ይጫናል። ቀኟ ክርኗ ወደ ኋላ ወደቀ፣ አንጓዋ ታጠፈ። እኔ እንኳ ልዩነቱን አየሁት። ራጅ ተነሳች፤ ብረቱ ቦታው ላይ ነው፣ ኳሱ ወደ ፊት አልተንሸራተተም። ከዚያ አልትራሳውንድ ተሠራላት። ጅማቱ ከላይኛው ጠርዝ ተቀድዷል፤ የታችኛው ክፍል ግን ይዟል። ሙሉ በሙሉ አልተበጠሰም።

ሙሉ በሙሉ ተበጥሶ ኳሱ ወደ ፊት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ቶሎ ከፍቶ መልሶ መስፋት፣ ያ ካልያዘም ወደ ሪቨርስ መቀየር ይመጣ ነበር አለን። አሁን ግን እንጠብቃለን። አራት ሳምንት ማንጠልጠያ። ክንዷ ወደ ውጭ መዞር የለበትም፤ እጇ ወደ ፊት ቀጥ እስኪል ብቻ። ፊዚዮቴራፒው አልቆመም፤ ክንዷን ግን ባለሙያው ያነሳላታል እንጂ ራሷ አታነሳም። ሲፕሮውን አሳየሁት፤ መዝገቧ ላይ ጻፈው። ስለ ስኳሯም አነሳ። ስኳር ከፍ ሲል ጅማት ቶሎ አይድንም፤ ስለዚህ ጠበቅ አድርገን እንይዛለን።

እናቴ በመኪና ስንመለስ "እኔ እኮ ስላላመመኝ ነው" አለችኝ። እጇን ይዤ ዝም አልኩ።


አቤል_ቴልአቪቭ
ዓርብ ጠዋት

ወሬያችሁን ስላቋረጥኩ ይቅርታ። የአባቴ ትከሻ ከተቀየረ 14 ወር ሆነው። ትኩሳት የለውም፣ ቁስሉ ደህና ነው። ግን ድብን ያለ ሕመም አለው፤ ደርቋልም። አንድ ሐኪም "የጅማት ብግነት ነው፣ ኮርቲዞን ልውጋህ" ብሎታል። ይወጋ?


ፊዚዮ_መገናኛ
ዓርብ ከሰዓት

አቤል፣ ቀዶውን የሠራው ሐኪም ሳያየው መርፌ አይወጋ። የተቀየረ መገጣጠሚያ ውስጥ መርፌ መግባት ጀርም ይዞ ሊገባ ይችላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ጅማት ነው ከመባሉ በፊት ኢንፌክሽን አለመሆኑ መታየት አለበት። ትከሻ ላይ ኩቲባክቴሪየም አክኔስ የሚባል ቆዳ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ አለ። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ትኩሳት ላይኖር ይችላል፣ መግል ላይኖር ይችላል፣ የደም ምርመራውም ንጹሕ ሊመስል ይችላል። የሚታየው ልክ አንተ የጻፍከው ነው፦ ድብን ያለ ሕመምና መድረቅ። ከመገጣጠሚያው ናሙና ተወስዶ ላቦራቶሪ ውስጥ እስከ 14 ቀን መቆየት አለበት፤ በሁለት ሦስት ቀን "ምንም አላበቀለም" ከተባለ አልበቃም። ይህንን በስሙ ጠይቁ።


ብሌን_ሲልቨርስፕሪንግ
ከአራት ወር በኋላ

እንዴት ናችሁ? ቃል ባልገባም መጻፍ እንዳለብኝ ተሰማኝ።

እማዬ ማንጠልጠያውን የፈታችው ሐኪሙ ሲል ነው። ከዚያ በሩ ላይ ገመድና መዘውር ሰቀልን፤ በግራ እጇ እየሳበች ቀኟን ታነሳለች። ተኝታ መቋሚያዋን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ላይ ትዘረጋለች። ለስፖርቱ ዱላ ግዙ ሲሉን "የራሴ አለኝ" አለች። ማጠንከሪያውን የጀመረችው ዘግይታ ነው፤ ፎጣ አጣጥፋ ሆዷ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ መጫን ነበር የመጀመሪያው። አምስት ሰከንድ መያዝ፣ መልቀቅ። ሲጀመር ፎጣው እንኳ አይሰረጉድም ነበር።

ባለፈው እሁድ ለቤተ ክርስቲያን ስትለባበስ ክፍሏ ገባሁ። መቀነቷን ታስር ነበር። ቀኝ እጇ ጫፉን ሆዷ ላይ ይዞ ግራዋ ሲያዞር ቆሜ አየኋት። ጀርባዋ ላይ እጇ አይደርስም፤ ምናልባትም አይደርስ ይሆናል ብለውናል። ነጠላዋን ግን ራሷ ጣለችው።

ጋሼ፣ ስለርስዎ ሁልጊዜ ትጠይቃለች፤ "ያ የሚኒያፖሊሱ ሰውዬ ዳነ?" እያለች። አዲስ አበባ የምንሄደው በሚቀጥለው ወር ነው፤ ሁለት ወር እንቆያለን። ፊዚዮ_መገናኛ፣ አንቺ ጋ ብናመጣት ምን ይዘን እንምጣ?


ጋሽ_ሚኒያፖሊስ
በዚያው ዕለት

ድኛለሁ በያት። ሻንጣ ግን አላነሳም።


ፊዚዮ_መገናኛ
በማግስቱ

ብሌን፣ በጣም ደስ አለኝ። አምጪያት።

ከሐኪሟ የቀዶውን ዝርዝር ጽሑፍ ጠይቂ፤ ሰብስካፑላሪሱ እንዴት እንደተነሳና እንዴት እንደተሰፋ እዚያ ይጻፋል። የተገጠመላት ዕቃ ካርድ፣ የመጨረሻው ራጅና የአልትራሳውንዱ ውጤት ይኑሩ። እስከ አሁን የፈቀዱላትን እንቅስቃሴም በጽሑፍ ያዢ፤ ወደ ውጭ ስንት ዲግሪ፣ ክብደት ስንት ኪሎ። እኔ ከዚያ አላልፍም። ኤርፖርት ላይ ማሽኑ ሊጮኽ ስለሚችል ካርዱ በእጅ ቦርሳሽ ይሁን።

አውሮፕላን ውስጥ ግራ መደገፊያውን ይዛ እንድትነሳ ከመተላለፊያው ጎን አስቀምጫት፣ ግራዋ ወደ መተላለፊያው ሆኖ። ቤት ስትደርሱ ዘመድ ሊያቅፋት ይሯሯጣል። አንቺ በቀኟ በኩል ቁሚ።